ባሕር የሌለው ደሴት

የእህቴ የልጅ ልጅ ሜሪላንድ ተወልዳ ሜሪላንድ ያደገች፣ አማርኛዋ ከ“ሰላም ነው?” ብዙም ፈቅ የማይል፣ ልቧ ግን ሩኅሩኅ የሆነ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ቤተ ክርስቲያኗ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ወደሚያስተዳድረው የበጎ ፈቃደኞች ካምፕ ለሁለት ሳምንት ሄዳ ፎቶግራፍ ስትልክልን ሰነበተች። ዘምባባ አለ። ከሰማዩ የማይለይ ሰማያዊ ባሕር አለ። ግማሹ ቢጫ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ እርሷ ራሷ፣ አንገቷ ላይ አንድ ጥቁር ሕፃን ተጠምጥሞ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለም ነክቷት ትስቃለች። እህቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ካየች በኋላ፣

“ለመሆኑ ምን ልትሠራ ነው የሄደችው?” አለችኝ።

“ትምህርት ቤት ልትቀባ።”

“ቀለም?”

“አዎ፣ ቀለም።”

“እዚያ አገር ቀለም የሚቀባ ሰው ጠፋ?”

እኔ ሳቅሁ። እህቴ አልሳቀችም፤ የጠየቀችው የምሯን ነው። በየመንገዱ ዳር ብሩሹን ባዶ ጣሳ ውስጥ ሰክቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚጠብቅ ስንት ወጣት እንዳለ የምታውቅ ሴት ናት። ሰው ከአሜሪካ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ግድግዳ ሊቀባ ይሄዳል ሲሏት ወይ ቀቢ ጠፍቷል፣ ወይ ግድግዳው የተለየ ነው ብላ ታስባለች። ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብላ አላሰበችም። እኔ ግን ሦስተኛውን ምክንያት አውቀዋለሁ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አብሬው ኖሬያለሁ። ደሴት ላይ አይደለም፤ ወላይታ፣ ቢጠና።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ያኔ ገና ከማስተማሩ አልወጣሁም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና፣ “መምህር፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ፈረንጆች ይመጡልናል፣ አሥራ አራት ወጣቶች ናቸው፣ ትምህርት ቤት ሊሠሩልን። አስተርጓሚ እንፈልጋለን፤ አበሉም ደህና ነው” አለኝ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ለአበሉ ነው። ስለዚህ በዚያ የበጎ ፈቃደኞች ካምፕ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ካልነበርነው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ወጥ ቤቷ፣ ዘበኛውና ግንበኛው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ ደግ የሆኑ ይመስላቸዋል።

አካባቢው ለእኔ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ከሶዶ ደጋ ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ ስትወርዱ የዳሞታ ተራራ ከኋላችሁ ይቀራል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ትንኙም “እንኳን ደህና መጣችሁ” ይላል። ብላቴን የማውቀው በ1983 ዓ.ም ነው። የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “በገዛ ፈቃዳቸው” ለአገራቸው ሊዘምቱ ወሰኑ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረላቸው ልጆች ተጭነው የሄዱት ወደ ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ አንዳንዶቻችን ወደ ቤታችን፣ አንዳንዶቻችን በእግራችን ወደ ኬንያ ሄድን። ከዚያ ወዲህ “በጎ ፈቃድ” የሚለውን ቃል ስሰማ የማን ፈቃድ ነው ብዬ የመጠየቅ መጥፎ ልማድ አለብኝ። ይህ እንግዲህ የራሴ በሽታ ነው፤ በልጆቹ አላመካኝም።

ካምፑ አንድ ግቢ ነው። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ውስጡ ድንኳኖች ተደርድረዋል፤ ጄኔሬተር አለ፤ የተጣራ ውኃ የሚቀዳበት ሰማያዊ በርሜል አለ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ የለውዝ ቅቤ፣ የታሸገ ዓሣ፣ የመጸዳጃ ወረቀት አለ። አጥሩን አልፎ ወላይታ ይቀጥላል። ሩብ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ እንሰቱን፣ ጎደሬውን፣ ስኳር ድንቹንና በቆሎውን አንድ ላይ ተክሎ ሰባትና ስምንት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያለበት አገር ነው። የዝናብ ወራት አረንጓዴነቱ ያታልላል። በ1977 ዓ.ም ያን ሁሉ ሰው በረሃብ ያጣ፣ ከዚያ ወዲህም ለምለም ሆኖ ሳለ ደጋግሞ የተራበ ምድር መሆኑን ለማመን ይከብዳል። ልጆቹ፣ ማለቴ ፈረንጆቹ፣ ከድንኳናቸው ሲወጡ የሚያዩት ይህን አረንጓዴ ነው። “ገነት ነው!” ትል ነበር አንዷ በየጠዋቱ። ወጥ ቤቷ ምን እንዳለች ጠይቃኝ ስነግራት፣ “ኧረ ተይኝ!” ብላ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

ደሴት የምለው ይህንን ግቢ ነው። ባሕር የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ ነበረው። የራሱ ሰዓት ነበረው፤ ምሳ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ነው ሲሉ ወጥ ቤቷ ሁለት ሰዓት ብላ በጠዋቱ ታዘጋጅላቸዋለች፤ ሰው የለም። የራሱ ሕግ ነበረው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከግቢ አይወጣም። የራሱ ነዋሪ ነበረው፤ ከአጥሩ ውጪ ቆመው በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚያዩ ሕፃናት ደግሞ ባሕሩ ነበሩ ማለት ይቻላል። ማዕበሉ ቀን ቀን ይገባል፣ ማታ ዘበኛው ይመልሰዋል።

ለአሥር ዓመት ተማሪዎቼን ሮቢንሰን ክሩሶን ሳስተምር፣ ክሩሶ ደሴቱ ላይ ያገኘውን ሰው ስሙ ማን እንደሆነ አለመጠየቁን አሳያቸው ነበር። “አርብ” ብሎ ይሰይመዋል፣ ያገኘው አርብ ቀን ስለሆነ፤ ቀጥሎ “ጌታዬ” የሚለውን ቃል ያስተምረዋል። ይህን የጻፈው ዳንኤል ዲፎ በ1719 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2001 ዓ.ም ቢጠና ላይ ደግሞ የወላይታ ልጆች ስም ለመጥራት ስለከበደ በሦስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ አንድ “ጆይ”፣ ሁለት “ሚኪ”ና አንድ “ሰንሻይን” ነበሩ። ይህን ስናገር ልጆቹ በክፋት አደረጉት ማለቴ አይደለም። ክሩሶም ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። የሚሠራው ሁለት ክፍል ነው። ብሎኬቱ ቀርቧል፤ አሸዋው ተከምሯል፤ ሲሚንቶው በሸራ ተሸፍኗል። ግንበኛው የአካባቢው ሰው ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቱንቢና ውኃ ልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ዳዊት የሚይዝ ሰው። አሥራ አራቱ ወጣቶች ጓንት አድርገው፣ ካኔተራ ለብሰው ወጡ። ካኔተራው ላይ በእንግሊዝኛ “ልናገለግል መጣን” ይላል። ግንበኛው ማንኪያውን ለአንደኛው ሰጠ። ለሁለተኛው ቱንቢውን ሰጠ። እርሱ እጁን አጣምሮ ቆመ። ብሎኬቱ ሲጣመም ይሄድና ያቃናል፤ ቡኮው ሲቀጥን ሲሚንቶ ይጨምራል፤ ከዚያ እንደገና እጁን አጣምሮ ይቆማል። በአራተኛው ቀን፣

“እንዴት ነው ሥራው?” አልኩት።

“እኔማ አስተማሪ ሆንኩ እኮ መምህር” አለኝ። “እንደ እርስዎ።”

“ይችላሉ?”

“ቢቆዩ ይችሉ ነበር። ያ ቀዩ እጁ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ቢሰጡኝ ግንበኛ አደርገዋለሁ።”

ይህንን ንግግር ከዚያ ወዲህ ስለ እርዳታ ካነበብኳቸው ብዙ መጻሕፍት አስበልጬ አያለሁ። “ልንረዳ መጣን” ያሉትን ሰዎች ግንበኛው ሊማሩ እንደመጡ አድርጎ ነው የቆጠራቸው። በዚያ ዓይን ሲታይ ነገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ኢቫን ኢሊች የተባለው የካቶሊክ ቄስ በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜክሲኮ ውስጥ ለአሜሪካ የተማሪ በጎ ፈቃደኞች ባደረገው ንግግር ያስቆጣቸው ይህንኑ በመናገሩ ነው። ለመማር ኑ፣ ለመጎብኘት ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ ነበር የነገሩ ፍሬ። ኢሊች ቁጡ ሰው ነው። ግንበኛው ግን ሳይቆጣ ከዚያው ደረሰ።

ሒሳብም አለ። ነርስነት የምትማር አንዲት ቁመተ ረጅም ልጅ የአውሮፕላን ቲኬቷ 1,200 ዶላር እንደሆነ፣ ገንዘቡን ያገኘችውም በሰፈሯ መኪና በማጠብና ኬክ በመሸጥ እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ዶላር 12 ብር ገደማ ነበር፤ 14,400 ብር ማለት ነው። ግንበኛው በቀን የሚከፈለው 40 ብር ነበር። አካፍሉት፤ 360 ቀን ይወጣችኋል። አንድ ቲኬት አንድ ግንበኛ ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ያሠራል። አሥራ አራት ቲኬት ነው የመጣው። ሒሳቡን ለልጅቷ አልነገርኳትም። መኪና አጥባ ነዋ! ለአባቷ ገንዘብ ቢሆን እነግራት ነበር።

ለሚገባው የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። እነዚህ ልጆች ጨዋ ነበሩ። ከመካከላቸው አንድም ሰነፍ አላየሁም። ማታ ማታ ክብ ሠርተው ሲጸልዩ የግንበኛውን ልጅ ሕመም በስሙ አንሥተው ይጸልዩ ነበር፤ እኔ የልጁን መታመም እንኳ አልሰማሁም ነበር። አንዱ ጫማውን አውልቆ ለዘበኛው ሰጥቶ በሸበጥ ሄዷል። በጎ ፈቃድ ሠራተኛነት ራሱም ከክፉ ሥር የበቀለ ነገር አይደለም። ፒየር ሴሬዞል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የጦርነት ተቃዋሚ በ1920 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቬርደን አጠገብ ያለች ጦርነት ያወደማትን የፈረንሳይ መንደር ሊጠግን የተለያየ አገር ሰዎችን ሲሰበስብ ከመካከላቸው ጀርመኖች ነበሩበት። ትላንት ቤቱን ያፈረሰ ወገን ዛሬ ድንጋይ ሲያቀብል፣ ሥራው ራሱ ይቅርታ ነው። እዚያ ላይ ማን እንደሠራው ትርጉም አለው። ቢጠና ላይ ግን ብሎኬቱን ማን እንደደረደረው ለትምህርት ቤቱ ምን ትርጉም አለው? ትርጉም ያለው ለደርዳሪው ብቻ ነው። ለእህቴ ያልመጣላት ሦስተኛው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ግድግዳው ቀቢ አላጣም፤ ቀቢዋ ናት ግድግዳ ያጣችው።

እዚህ ላይ “አንተ ሰውዬ ፈረንጅ ጠላህ?” የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በወላይታ ምድር ይህን ማለት ከባድ ድፍረት ይሆንብኝ ነበር። በ1920 ዓ.ም ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ፣ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች፣ ሐሳባቸው ጅማ ሆኖ ሳለ ሶዶ ቀሩ። ኦቶና ላይ ያቆሙት ሐኪም ቤት ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ወላይትኛ ተማሩ፤ ወባ ያዛቸው፤ ልጆች ወለዱ፣ ልጆች ቀበሩ። በ1951 ዓ.ም ከባለቤታቸው ጋር ለሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ የገቡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንም መጋቢት 2012 ዓ.ም በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ስድሳ አንድ ዓመት ቆዩ። እነዚህን ሰዎች “በጎ ፈቃደኛ” ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ነዋሪ ነው የሆኑት። ጎረቤት ከሆነ ሰው ጋር ትጣላለህ፣ ትታረቃለህ፣ ቀብሩ ላይ ትቆማለህ። የሁለት ሳምንት እንግዳ ጋር ግን መጣላት እንኳ አይቻልም። ገና ቅር ብሎህ ሳትጨርስ ይሳፈራል።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚደንቀኝ የሚያዝያ 1929 ዓ.ም ነገር ነው። የኢጣሊያ ጦር የመጨረሻዎቹን ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ የሚሽኑ መጻሕፍት እንደሚሉት፣ ከዘጠኝ ዓመት ድካም በኋላ የተጠመቀው ሰው 48 ብቻ ነበር። ሰዎቹ እያለቀሱ ሄዱ፤ ያ ጅምር አለቀለት ብለው። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። በመካከሉ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሳሰሉ የአገሩ ሰዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። አንድም ፈረንጅ አልነበረም። ይህን ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ እንደ ተአምር ሲተርኩት ሰምቻለሁ። ተአምርነቱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ይህንኑ ታሪክ በኩራት የሚተርኩ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለት ክፍል ለመሥራት ከባሕር ማዶ አሥራ አራት ታዳጊ መጥራታቸው ነው። አያቶቻቸው እኮ ፈረንጁ ከሄደ በኋላ ጸሎት ቤታቸውን በደቦ ነበር የሠሩት! ከዚያም አልፈው ከነሚስቶቻቸው በእግር ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ ወርደው፣ የሰው ቋንቋ ተምረው ለዓመታት ኖረዋል። ልጆቻቸው ግን ከአጥሩ ውጪ ቆመው ብሎኬት ሲደረደር ያያሉ። በዚያ አሥራ አምስት ቀን ከመንደሩ አንድም ወጣት “ና ብሎኬት አቀብል” ሲባል አላየሁም። ቢባልማ ፈረንጆቹ ምን ይሠሩ ነበር?

ለእኛ ለከተሜዎችም ቢሆን እጄን አልነፍግም። በ1967 ዓ.ም ስልሳ ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ሲዘምት ገበሬውን “ልናነቃው” ነበር የሄድነው የሚሉ ታላላቆቼ አሉ፤ ማን ማንን እንዳነቃ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አሁን ደግሞ በየክረምቱ ካኔተራ አሳትመን የአንዲት አሮጊት ቤት ጣራ እናነሣለን፤ ሹም ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ንግግር ይደረጋል። ጣራው ሲመለስ ካሜራው አለ? እኔ አንድ ጊዜ ያየሁት አልነበረም።

አሁን ወደ ተውኩት ጉዳይ ልመለስ። እስካሁን የዞርኩት እዚያ ላለመድረስ ሳይሆን አይቀርም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ግቢው በር ላይ መጡ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ያቺ ነርስነት የምትማረው ልጅ “ሰንሻይን” ብላ የሰየመቻት ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእጇ አልተለየችም ነበር። አሮጊቷ አማርኛ አይችሉም። ስለዚህ ትርጉሙ ሁለት ፎቅ ነበረው። እንግሊዝኛውን እኔ ወደ አማርኛ አመጣለሁ፤ አማርኛውን የመንደሩ ወጣት አስተማሪ ወደ ወላይትኛ ይወስዳል። አስተማሪው አሮጊቷን “አዬ” ነው የሚላቸው፤ እናቴ እንደማለት ነው። አሮጊቷ ብዙ ተናገሩ። የልጅቷ አባት አዲስ አበባ ሊስትሮ ሊጠርግ ሄዶ ወሬው መጥፋቱን፣ እናቷ መሞቷን፣ ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን። በመጨረሻም ጠየቁ። “ይህቺ ልጅ ልጅቷን ስለወደደቻት ታስተምርልኝ።”

ተረጎምኩ። ልጅቷ፣ ማለቴ ፈረንጇ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሮጊቷን እጃቸውን ያዘችና “ምን ማድረግ እንደምችል አያለሁ” አለች በእንግሊዝኛ።

ይህ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ለሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ያውቃል። ጨዋ ሰው እምቢ ለማለት ሲያፍር የሚለው ነው። የእኛ ሹም “ነገ ተመለሱ” እንደሚለው። ያንኑ እንዳለ ብተረጉመው ኖሮ፣ “አያለሁ ብላለች” ብል ኖሮ፣ አሮጊቷ ይገባቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ “እናያለን” ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን፣ “የምትችለውን ታደርጋለች” አልኩ። አስተማሪው ይህን ይዞ ወደ ወላይትኛ ተሻገረ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የፈረንጇን ጉልበት ሳሙ። ሁሉም አለቀሰ። ፎቶግራፍ ተነሣ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማዘን አልነበረም። ትዕይንቱ እንዳይበላሽ ነው። አሮጊት፣ ሕፃን፣ እንባ፣ የተያያዘ እጅ፤ ልብ ወለድ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ምዕራፍ “አያለሁ” በሚል ግሥ ሲዘጋ አይወድም። ስለዚህ የተሻለ ግሥ ሰጠሁት። አበሌ ተከፈለኝ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሁላችንም ተሳፈርን።

ያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል የሚያደርሰውን ሁሉ የሚያደርስበት ዘመን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ይሄዱ ነበር፤ ከደቡብ ደግሞ ብዙ። ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብሎ የፈረመ ወላጅ፣ ፊርማው ለዘለዓለም መሆኑን የሰማው ከረፈደ ነው። በመካከል እንደ እኔ ያለ ሰው ቆሞ ነበር፣ የተሻለ ግሥ የሚመርጥ። መንግሥት በ2003 ዓ.ም ቁጥሩን በኃይል ቀነሰ፤ በ2010 ዓ.ም በሕግ ከለከለ። ሄይቲ በጥር 2002 ዓ.ም በመሬት መንቀጥቀጥ ከወደመች በኋላም አሥር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች 33 ሕፃናት ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ወላጅ አልባ ናቸው የተባሉት ልጆች ወላጅ ነበራቸው። ወላጆቹ ልጆቻቸው የተሻለ ትምህርትና ኑሮ እንደሚያገኙ ተነግሯቸው በገዛ እጃቸው የሰጡ ናቸው። ማን ተርጉሞላቸው ይሆን እላለሁ፤ ዜናው ይህን አይጽፍም።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ዐውደ ጥናት ሶዶ ሄድኩ። ከተማዋ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ዓመቷ ነው፤ ሆቴሉ በስብሰባ ተጨናንቋል። ወሬው ሁሉ ግን ጎፋ ነበር። ሐምሌ ላይ ገዜ ጎፋ ውስጥ መሬት ተንሸራቶ ጥቂት ቤቶች ሲቀብር ጎረቤት በእጁና በአካፋ ሊያወጣቸው ሮጠ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣና የሚቆፍሩትን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው መምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ነበሩ። ካኔተራ የለበሰ አልነበረም። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ቀይ ጭቃና ሰው ብቻ ነው።

የዐውደ ጥናቱ ዕለት አንድ ጎልማሳ መጥቶ “አወቁኝ መምህር?” አለኝ። አላወቅሁትም። ያ የቢጠናው አስተማሪ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ቡና አብረን ጠጣን። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅሁት። ክፍሎቹ ቆመዋል፤ አንደኛው ግድግዳ ትንሽ ሆዱ ወጥቷል፣ ግን ቆሟል፣ ልጆች ይማሩበታል አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ አሮጊቷ እኔ አልጠየቅሁም። እርሱ ነገረኝ።

“አዬ በየገበያው ቀን እየመጡ ‘ደብዳቤ መጣ?’ ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት። ኋላ እኔ ደብተር ስገዛላት ‘ይኸው ላከች’ አሉ፤ ዝም አልኩ።”

“አንተ ምን ብለህ ነበር የተረጎምክላቸው?” አልኩት።

“እርስዎ ‘የምትችለውን ታደርጋለች’ አሉኝ። እኛ ቋንቋ ያንን ስወስደው... ፈረንጅ ደግሞ ምን የማይችለው አለ ብዬ... ‘ታስተምራታለች’ ነው ያልኳቸው።”

ሁለታችንም ሲኒያችንን አየን።

ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች። አሮጊቷ ሞተዋል። አሁን እዚሁ ሶዶ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፣ ሁለት ልጆች አሏት አለኝ፤ ላሳይዎ አለኝ። አውቶቡሴ ይሄዳል አልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ግን ብቻዬን ገበያ ወረድኩ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ፊታቸው አስቀምጠው የተቀመጡ ሴቶች ረድፍ ረጅም ነው። በዕድሜ እርሷን የሚሆኑት አምስት ስድስት ይሆናሉ። ስሟን እንዳልጠራ የማውቀው “ሰንሻይን” የሚለውን ብቻ ነው። ከአንዷ አንድ ኪሎ ገዛሁና መለስ ሳልል ወጣሁ።

የእህቴ የልጅ ልጅ ከደሴቷ የተመለሰች ዕለት በስልክ አገናኙን። አሥር ደቂቃ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ግድግዳው አወራችልኝ። ስለዚያ አንገቷ ላይ ስለተጠመጠመው ልጅም ነገረችኝ። ሲለያዩ አልቅሷል። እናቱ የሚቀጥለው ዓመት ትመለሻለሽ ወይ ብላ ጠይቃታለች።

“ምን አልሻት?”

“እሞክራለሁ አልኳት። በጣም ደስ አላት፤ አቀፈችኝ።”

“ስፓንኛ ትችያለሽ እንዴ?”

“አልችልም። ሹፌራችን ነው የተረጎመልኝ።”